የማን ድምፅ ነው?

ልጅ ሳለሁ ሰው የማውቀው በድምፁ ነበር። ዓይኔ ደክሞ አይደለም፤ ዓይኔስ ዛሬም በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሾልካል። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ሜዳው በሚወርደው መንገድ ዳር ስለ ነበረ፣ ከአጥሩ ውጪ የሚያልፈውን ሁሉ ሳላየው እሰማው ነበር፤ ከብት የሚነዳውን፣ ገበያ የሚሄደውን፣ ጠላ ጠጥቶ የሚመለሰውን። «እማ፣ አያ መንግሥቴ አለፉ» እላለሁ። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ እውነትም እሳቸው ናቸው። «የዚች ልጅ ጆሮ የጅብ ነው» ትላለች። እኔም በዚያ ጆሮዬ እኩራራ ነበር። ምነው ደንቆሮ አድርጎ በፈጠረኝ።

ከሰው ሁሉ አብልጬ የማውቀው ያባቴን ድምፅ ነው። አባቴ አያልነህ ሲያርስ ለበሮቹ ያንጎራጉርላቸዋል፤ ከማንጎራጎሩ በፊት ደግሞ ጉሮሮውን «እህ፣ እህ» አድርጎ ሁለት ጊዜ ይጠርጋል። ለዘፈን ብቻ አይደለም። ሰው ቤት ሲገባም፣ ሽማግሌ ፊት ሲቆምም፣ እኔን ሊቆጣ ሲልም «እህ፣ እህ» ይቀድማል። ስለዚህ ቁጣው ሳይመጣ እኔ ጎተራው ኋላ ገብቻለሁ። እሱም ያውቃል፤ ሳይፈልገኝ ይቀራል።

አዲሱ ሹም የመጣው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ለጥምቀት አንድ ወር ሲቀረው ነው። ካዲስ አበባ የተላከ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነበር። ትልልቆቹ በማዕርጉ ይጠሩታል፤ እኛ ልጆች «ባለመነጽሩ» ነበር የምንለው። ከሱ በፊት የነበሩት ሹማምንት ልጅ ሲያዩ በአለንጋ ያባርሩ ነበር፤ ይህ ግን ቆም ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» ይለናል። ሹም ልጅን እንደምን ዋላችሁ ሲል አይተን አናውቅም። ወደድነው።

ይህ ሰው ቴፕ ነበረው። የቆዳ እጀታ ያለው ግራጫ ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ሁለት መንኮራኩር ጎን ለጎን ይዞራል፣ ቡናማ ክር ካንዱ ወዳንዱ ይጠመጠማል። ለጥምቀት ከጭፈራው መሀል ይዞት መጣና አባቴ ዘፍኖ ሲጨርስ ሰውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ አንድ ነገር ተጫነ። ሣጥኑ «እህ፣ እህ» አለ። ከዚያ አባቴ፣ አጠገቤ ቆሞ አፉን ሳይከፍት፣ ዘፈነ። አሮጊቶቹ አማተቡ። አባቴ እጁን ካፉ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ያን ያህል ሲያፍር አይቼው አላውቅም።

አያ መንግሥቴ ብቻ አልሳቁም። ያገሩ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በሳቸው ነው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሣጥኑን ሲያዩት ቆዩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንል ነበር» አሉ። «ይኼ ደግሞ ከአፋፍ የሚመልስ መጣ። ደግ ነው አልልም።» እኔ ሽማግሌ ስለሆኑ ቀንተው ነው የሚሉት ብዬ አሰብሁ።

ከጥምቀት ወዲህ ሹሙ ጨዋታ አመጣልን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ከቢሮው በረንዳ ላይ ያስቀምጠንና ክሩን ያዞራል። «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ይላል። ቀድሞ ያወቀ ከረሜላ ይወስዳል። ከረሜላውም የባትሪ ድንጋዩም የሚገዛው ከኡመር ሱቅ ነው፤ የኡመር ልጅ ራሂማ ድንጋዩን ይዛ ትመጣና ከኛው ጋር ትቀመጣለች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ጓደኛዬ ነበረች። እሷ ነገሩን ትሰማለች፣ እኔ ድምፁን እሰማለሁ። «ሰውየው ስለ በሬው ነው የሚያወራ፤ በሬ ያለው ማነው…» እያለች ስታስብ እኔ ስሙን ጠርቼ ጨርሻለሁ። ከአምስት ከረሜላ አራቱ የኔ ነው። ሹሙ «አንቺስ ልዩ ነሽ» አለኝ አንድ ቀን። ያቺን ቃል ይዤ ቤት እስክደርስ እየሮጥሁ ነበር።

በየካቲት ደብሬ የሚባል ጎረምሳ ከጣና ሐይቅ ዳር ሞቶ ተገኘ። በኛ አገር ክረምት ውሃው ሜዳውን ይውጠዋል፣ በበጋ እየሸሸ ለምለም ግጦሽ ይተዋል፤ ድንበሩን ግን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያ ግጦሽ ዱላ አይጠፋም። ደብሬን ግን ዱላ ሳይሆን ጥይት ነው ያገኘው። ማን እንደ ተኮሰ አየሁ የሚል አልተገኘም።

ያን ዕለት አባቴ ለታንኳ የሚሆን ደንገል ሊያጭድ ሐይቅ ወርዶ ነበር። ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ለበሮቹ ማንጎራጎሩን ተወ። እኔ ጉሮሮውን ያመመው መስሎኝ «እማ፣ ማር ስጪው» ብዬ ለመንኋት። ሰጠችው፣ በላ፣ አልዘፈነም።

በመጋቢት አውጫጭኝ ተጠራ። ይህን ያላየ ዛሬ ብዙ ነውና ልንገራችሁ። ደም ፈስሶ ገዳዩ ሲታጣ፣ ያገሩ አባወራ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች ከቅጠል ዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ። አባወራው አንድ ባንድ እየገባ በጆሯቸው ያንሾካሹካል። የሚያውቅም ይገባል፣ የማያውቅም ይገባል፤ ሁሉም እኩል ቆይቶ፣ ሁሉም ፊቱን እኩል አጨፍግጎ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ ብቅ ብለው «ወፍ ነግራናለች» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። እነሱም ምለው ነው የሚቀመጡ፤ ይዘውት መቃብር ይወርዳሉ። በዚህ አኳኋን ደካማው በኃያሉ ላይ እውነቱን ተናግሮ ቤቱ ገብቶ ያድራል። አያት ቅድመ አያቶቻችን ከፈሪ ሰው እውነት የሚያወጡበት ሌላ መላ አላገኙም፤ እኛም እስከ ዛሬ ያገኘን አይመስለኝም።

ሹሙ አውጫጭኙን አልከለከለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ወረቀት ያለበት ሣጥን ነው» አላቸው ለአያ መንግሥቴ፤ «ፀሐይ እንዳይመታው ከዳሱ ይቀመጥልኝ።» በቁርበት ሸፍነው ከመቀመጫቸው ሥር አስገቡለት። እሱም በየመሀሉ «ወረቀት ልይ» እያለ ይገባና ይወጣል።

እኔ ላባቴ ውሃና ቆሎ ይዤ በየቀኑ እሄድ ነበር። ዳሱን የሚጠብቀው ዘበኛ ዘወር ሲል በቅጠሉ መሀል አጮልቄ ከቁርበቱ ሥር የቆዳውን እጀታ አየሁ። ነገሩ ሁሉ በራልኝ። አሃ፣ ትልልቆቹም እኛ የምንጫወተውን ሊጫወቱ ነው፤ ድምፃቸውን ሊያስቀዱ ነው አንድ ባንድ የሚገቡት። ለማንም አልተናገርሁም። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አላወራም ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሆነ። ፀሐዩ መሬቱን ሰነጣጥቆት እግር ያስገባል። ከየቤቱ ያልታለቡ ላሞች ሲጮሁ ይሰማል። የደብሬ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ አታለቅስም፣ ሰው አታይም። አባቴ ዓይኑን ከሷ ላይ መንቀል አቃተው። ተራው ደርሶ ሲነሣ እጁን ያዝሁት።

«አባ፣ ድምፅህን አሳምረው» አልሁት።

ግራ ገባው። ራሴን ዳበስ አድርጎ ገባ።

ከሰዓት በኋላ አያ መንግሥቴ ወጡ። «ወፍ ነግራናለች» አሉ። «ደብሬን የመታ ያየህ ነው።» ያየህ የተባለው ሰው ከመሀላችን ተቀምጦ ነበር። ብዙ መሬት፣ ብዙ ወንድም፣ ብዙ ጠመንጃ ያለው ሰው ነው። ተነሣ፣ ነጠላውን አራገፈ፣ አልካደም፤ እጁን ሰጠ። ሰዉም ወደ ላሞቹ ሮጠ። በኛ ልማድ ከዚህ ወዲያ ያለው የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ጉማ ይከፈላል፣ ሁለቱ ወገን ይታረቃል፣ ደሙ ይደርቃል። አያ መንግሥቴ በማግሥቱ ሹሙ ዘንድ የሄዱት ይህንኑ ሊነግሩት ነው።

እኔ ከበረንዳው ሥር ተቀምጬ ጨዋታው እስኪጀመር እጠብቅ ነበርና ሰማኋቸው።

«አዲሱ ሕግ ወፍ አያውቅም፣ አባቴ» አለ ሹሙ። «ምስክር ማለት ስም ያለው፣ ቆሞ የሚምል ሰው ነው። እውነት የያዘ ሰው ለምን ይደበቃል? ካልተገለጠ ነጻነት የለም። ወፍ ፍርድ ቤት አትቀርብም።»

«ወፍ የተባለችው እንዳትቀርብ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አያ መንግሥቴ።

«አውቃታለሁ ብልዎትስ? ድምፅዋ እጄ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ሲወጡ መቋሚያቸውን ረስተውት ወጡ። እኔ ይዤ ተከትዬ ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉኝና ፊቴን እንደማያውቁት ሰው ቆመው አዩኝ። ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ጊዜ ነው ከመቀመጫቸው ሥር ምን እንደ ነበረ የገባቸው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሽምግልና አልተቀመጡም።

ሹሙ ግን ዋሽቷል። ድምፁ እጁ ላይ ነው፤ ባለድምፁን አያውቅም። ካገሩ ሰው ቢጠይቅ የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ ልጆች ጠራ።

በረንዳው ላይ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። አበረ የሚባለው የቢሮው ዘበኛ እንደ ወትሮው ከደጁ ቆሞ በዱላው ጫፍ መሬቱን ይጭራል። አበረ የያየህ የናት ልጅ ነው። ይህን የወረታ ሰው በሙሉ ያውቃል፤ ሹሙ ብቻ አያውቅም ነበር። ማን ይነግረዋል? ጠይቆ አያውቅም።

ክሩ ዞረ። ዛሬ ዘፈን የለም፤ ሹክሹክታ ነው። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ሌላው ደግሞ «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ልጆቹ እየሳቁ የመጣላቸውን ስም ይጠራሉ፤ ሹሙ ራሱን ይነቀንቃል። በሹክሹክታ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ እኔም ጠፋብኝና ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሣጥኑ «እህ፣ እህ» አለ።

«ደብሬን የመታው ያየህ ነው። ከደንገሉ ውስጥ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። እግዜር ይፍረድ።»

እመኑኝ፣ ቃሉን አልሰማሁትም። ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ብድግ ብዬ «ያባዬ ነው» ብዬ ጮኽሁ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ሹሙ። ደግሞ አዞረው። «እህ፣ እህ።»

«ያባዬ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚል።»

«አባትሽ ማን ይባላል?»

«አያልነህ።»

ጻፈው። ሦስት ከረሜላ ሰጠኝ። ሦስት አግኝቼ አላውቅም ነበር። ለራሂማ አንዱን ብዘረጋላት ክንዴን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝና ተነሥታ ሄደች። ቀናች አልሁ። የዱላው ጭረት ድምፅ ቆሞ ነበር፤ ዘወር ብዬ ሳይ አበረ ከቦታው የለም። ያን ደጅ ዘበኛ ሳይኖርበት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ከደጃፍ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። «አባ፣ ዛሬም አወቅሁህ» ብዬ ከረሜላዎቹን ከጭኑ ላይ በተንሁለት። ቀስ እያለ ጠየቀኝ፣ እኔም ሁሉንም ነገርሁት። እናቴ ምጣዷን ትታ ከመሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ቁጭ ያለችበት አመድ ነበረ።

«ማን ማን ነበረ?» አለኝ አባቴ።

«ሹሙ፣ ራሂማ፣ ልጆቹ። አበረም ነበረ።»

እጁ ከገመዱ ላይ ቀረ። «ከስንት ሰው መሀል ለየሽኝ?» አለ።

«ከሁሉም።»

«በምን?»

«እህ፣ እህ ስትል።»

ሳቀ። ብዙ አይደለም፤ ባፍንጫው ነው የሳቀ። «ጎበዝ» አለኝ። አንዱን ከረሜላ ፈትቶ ከአፌ አደረገልኝ፣ አንዱን እሱ በላ። በነገሩ አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ ምን ነበረበት?

አያ መንግሥቴ ወደ ያየህ ወገኖች ሄደው ለምነው ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁ። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አሏቸው። አበረም «እኛ የሰማነው ብስሉን ነው» ብሎ መለሰላቸው።

ከማግሥቱ ጀምሮ አባቴ ከትምህርት ቤት አስቀረኝና የሄደበት ሁሉ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። ወደ እርሻ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከብት ወደሚያጠጣበት ወንዝ። ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሽኮኮ የምባልበት ዕድሜ አልፏል፤ እሱ ግን በትከሻው ይሸከመኛል። ከላይ ሆኜ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ይታየኛል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ድምፁን ስላወቅሁለት እየካሰኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን አበረና ሌላ ሰው ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሲያዩን ተነሡ። ወደኔ ቀና ብለው አዩ፣ ርስ በርሳቸው ተያዩ፣ መንገዱን ለቀቁልን። እኔ ከትከሻው ላይ ሆኜ «እንደምን ዋላችሁ» አልኋቸው። እንደ ሹሙ ነው የሆንሁት። ማታ እናቴ «ልጂቱን ካጠገብህ አትለያት» ስትለው ሰማሁ፤ «ልጅ ባቀፈ ሰው ላይ ጠመንጃ ያነሣ እስካሁን አልተሰማም። ነውሩን አይችሉትም።» እኔ ከዚህ የያዝሁት፣ ጠመንጃ ያለው ሰው እንኳ እኔን እንደሚፈራኝ ነው። ኮራሁ።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ተጠራ። ሹሙ በመኪናው፣ ከሁለት ፖሊስ ጋር ወሰደው፤ እኔን አልወሰዱኝም። አባቴ ሊዘፍን የሄደ መስሎኝ ነበር። የዳኞቹን ቤት የጥምቀቱን ሜዳ አድርጌ ነበር የማስበው።

የሆነውን የነገረችኝ ራሂማ ናት። አባቷ ኡመር ለዕቃ ደብረ ታቦር ሄዶ ችሎቱን ቆሞ ሰምቷል። ከሜዳው ያልካደው ያየህ ችሎት ላይ ካደ፤ ሹሙ ቴፑን ከዳኞቹ ፊት አስቀመጠ። ዳኛው «ሣጥን አይምልም፤ ሰውየው ይማል» አሉ። አባቴ ወንጌል መታ። «ድምፄ አይደለም» አለ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ፤ ያየህ እስከዚያው በዋስ ተፈታ።

«ድምፄ አይደለም አለ?» አልኋት።

«ልጅ ናት፣ አታውቅም አለ።» ራሂማ ይህን ያለችኝ ልታሳዝነኝ አይደለም። ደግ ነገር የነገረችኝ መስሏት ነው፤ አንቺ ያልሽው ተሽሯል፣ ሰው ሊረሳው ይችላል ማለቷ ነው። እሷ አሥር ዓመቷ ሆኖ የገባት ለኔ አልገባኝም።

እኔ የገባኝ አባቴ በሰው ፊት ውሸታም እንዳደረገኝ ብቻ ነው። ያኮራኝ አንድ ነገር እሱን ማወቄ ነበር፤ እሱ ራሱ አታውቀኝም አለ። ከረሜላውን በውሸት የበላሁ ሆንሁ። እንደዚያ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አልተናደድሁም። ሲመለስ ከደጅ አልተቀበልሁትም። ከትከሻው ላይ ውጪ ሲለኝ እግሬን አመመኝ አልሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከቅጽሩ ውጪ ቆሞ ተሳለመ፤ አልገባም። በሐሰት ስለ ማለ ልግባ ብሎ አልደፈረም፤ እኔ ደክሞህ ነው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ሦስት ቀን ሙሉ አላነጋገርሁትም።

ማክሰኞ ከብት ሊያጠጣ ብቻውን ወረደ። እኩለ ቀን ላይ ከብቶቹ ያለ ጠባቂ ተመለሱ። እናቴ የፊተኛዋን ላም ስታይ ነው እዬዬዋን ያሰማች፤ ማንም ምንም አልነገራትም። ከወንዙ ዳር፣ አፈሩ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። አውጫጭኝ አልተጠራም። ማን ይመጣል? ወፏ ከታየች ወዲያ በኛው በፎገራ ሜዳ የሚናገር ወፍ አልተገኘም። ያየህም በሁለተኛው ቀጠሮ ምስክር ስለጠፋ ነጻ ወጣ፤ ሸምግሎ ካልጋው ላይ ነው የሞተ።

ሹሙ ለቅሶ መጣ። ባርኔጣውን ይዞ ከዳሱ ጫፍ ቆመ፤ ቁጭ በል ያለው የለም። መነጽሩን እያወለቀ ይጠርጋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከአፌ ለማውጣት አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል። ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጠራል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ የሚሰጣው የሰው ቆዳ መሆኑን አላየም።

እኔ ያን ቀን ከሱ ሌላ የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ሄጄ ኮቱን ያዝሁት።

«ያባዬን ዘፈን ያሰሙኝ» አልሁት። «የጥምቀቱን።»

ተንበረከከ። «ክሩ አንድ ብቻ ነበር» አለኝ። «የአውጫጭኙን በላዩ ላይ ቀዳሁበት። ዘፈኑ ጠፍቷል።»

በላዩ ላይ መቅዳት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያባቴን ዘፈን ያባቴ ሹክሹክታ እንደበላው የገባኝ ኋላ ነው። በወሩ ሹሙ ተዛወረ፤ ሹክሹክታውንም ይዞት ሄደ። የት እንደ ደረሰ አላውቅም። አባቴ የተነሣው ፎቶግራፍ የለም፤ በዘመኑ ማን ይነሣ ነበር? በቃል ያለ ይረሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ የዘፈኑን ዜማ ረስቸዋለሁ።

ዛሬ ወረታ አስፋልቷም ሩዟም በዝቶ ሌላ አገር ሆናለች። የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ይህን ስነግረው ስልኩን ከፊቴ አስቀምጦ አገኘሁት። «ድምፅሽ እንዳይጠፋ ነው፣ እታባ» አለኝ። አጥፋው አልሁት። አጠፋሁ አለኝ። ያጥፋው አያጥፋው እኔ መለየት አልችልም፤ ማመን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሳልነግረው ተነሣሁ።

የመጨረሻው ያ የማክሰኞ ጧት ነው።

እናቴ ልትሞት ስትል ጠርታ አንድ ነገር ነግራኛለች። ያን ጧት «ልጂቱንስ አትወስድም?» ብትለው «ከመጣች ትምጣ፣ ካልመጣች ተያት» አላት፤ «በልጅ ጀርባ መሸሸግ አሳፈረኝ።» እኔን ልታጽናና ፈጥራው ይሁን፣ እውነት ብሎት ይሁን፣ አላውቅም። እናቴ እኔ የት እንደ ነበርሁ አታውቅም ነበር።

ጎተራው ኋላ ነበርሁ። በምርጉ ስንጥቅ የባዶ እግሮቹ ጣት ይታየኛል፤ ከብቶቹ ከደጅ ይጠብቁታል። «ጸሐዬ» አለ። ስሜ ጸሐይነሽ ነው፤ ጸሐዬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። «ጸሐዬ፣ ነይ እንሂድ።» ጉልበቴን አቅፌ ትንፋሼን ያዝሁ። ሁልጊዜ የት እንደምደበቅ ያውቃል፤ ሁለት እርምጃ ቢመጣ ያገኘኝ ነበር። አልመጣም። እግሮቹ ወደ ደጁ ዞሩ፣ ደግሞ ቆሙ።

«እህ፣ እህ» አለ።

ልመልስለት አፌን ከፈትሁ። ድምፄ አይደለም ያለውን አሰብሁ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ስሜን ሦስተኛ ጊዜ ጠራ፤ የዚህኛው መጨረሻ ትንሽ ተሰነጠቀ። ይህን የቀዳ ሣጥን የለም፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከዘፈኑም ከሹክሹክታውም ይህ ብቻ ነው የቀረኝ። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ዝም አልሁ።